እግር የሌለው ፍጡር እንዴት ይኖራል? የጓሳ እፅዋት የሚያስተምሩን



ሰው ሲበርደው ጋቢ ይደርባል፤ ፀሐይ ሲበረታበት ጥላ ይፈልጋል፤ አገሩ ሲደርቅበት ጓዙን ጠቅልሎ ይሰደዳል። በጉም ቢሆን ውርጭ ሲወድቅ ወደ ጋጣው ይገባል። ተክል ግን እግር የለውም። ዘሩ ከወደቀበት ቦታ ንቅንቅ ሳይል ነፋሱንም፣ ውርጩንም፣ ድርቁንም፣ የከብቱን ጥርስም እዚያው ቆሞ ይቀበላል። ታዲያ እንዴት ይኖራል? ብርሃን በየት በኩል እንዳለ፣ ላይና ታች የትኛው እንደሆነ፣ መቼ ማደግና መቼ ማረፍ እንዳለበት ማን ይነግረዋል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር፣ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር፣ ስፋቱም 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው ምድሩን ከሚያለብሰው የጓሳ ሣር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ከዚህ ደጋ የሚፈልቀው ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ ተፋሰስ፣ ከፊሉ ደግሞ በምሥራቁ ገደል ቁልቁል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። ስለዚህ ደጋ ያለው ክርስቲያን ገበሬም ሆነ ቆላ ያለው ሙስሊም ወንድሙ ከዚህ ተራራ በረከት ተካፋዮች ናቸው።

በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ቀን የፀሐዩ ጨረር ይጠብሳል፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር ሙቀቷን ትለቅና ውርጭ ይወድቃል። የአፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች ያጠኑ የሥነ ዕፅ ሊቃውንት በእነዚህ ቦታዎች ሙቀትና ብርድ የሚፈራረቁት በየወቅቱ ሳይሆን በየዕለቱ ነው ይላሉ። እንግዲህ እዚያ የሚበቅል ተክል በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ሁለቱንም መቻል አለበት ማለት ነው።

ጥርስና ማጭድ የማያጠፉት ሣር

የጓሳ ሣር እንደ ነዶ ተጠቅጥቆ በየቦታው ይቆማል። ከላይ ሲያዩት ግማሹ የደረቀ ይመስላል። ነገር ግን ያ የደረቀ ቅጠል ከንቱ አይደለም፤ በመካከል ያለውን ለጋ ከብርድ የሚጠብቅ ጋቢ ነው። ቅጠሉም ቀጭንና ጥቅል ስለሆነ ውሃው በቀላሉ አይተንበትም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የሚያድግበት ቦታ ነው። አብዛኛው ዛፍና ቁጥቋጦ የሚረዝመው ከጫፉ ነው። ሣር ግን የዕድገቱ ምንጭ ከታች፣ ከመሬት አጠገብ ተሸሽጓል። በግ ጫፉን ብትግጠው፣ ሰው በማጭድ ቢያጭደው፣ ምንጩ ስላልተነካ ከሥር እየገፋ ይወጣል። እንዲያውም ጫፉ ተቆርጦ ብርሃን ወደ ሥሩ ሲደርስ በጎን አዳዲስ ቡቃያዎች ይወጣሉ። መንዜዎች ይህን ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ገሳ ሲጠቀሙበት የኖሩት ሣሩ እየተቆረጠ መልሶ የሚተካ በመሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ለሁሉም ልክ አለው። ሣሩ ካገገመ በኋላ ቢታጨድ ይተካል፤ ሳያገግም ደጋግሞ ቢጋጥ ግን በሥሩ ያጠራቀመው ስንቅ ያልቅና ይሞታል። ይህን ነጥብ አንባቢያን ልብ ይበሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ጊዜ ብቻ የምታብበው ጅባራ

በጓሳ ሜዳ ላይ ከሣሩ በላይ ቀጥ ብላ የምትታይ ሌላ ተክል አለች፤ ጅባራ ትባላለች። ከአገራችን ተራሮች ውጭ በየትም አትገኝም። ዓመታት ሙሉ ቅጠሏን በክብ እየደረደረች ስንቅ ታጠራቅማለች። ጊዜዋ ሲደርስ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ የአበባ ምሰሶ ታወጣለች፤ እልፍ ደቃቅ ዘር ትበትናለች፤ ከዚያም ትሞታለች። በዕድሜዋ የምታብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በመካከሏ ያለውን ለጋ እንቡጥ ከውርጭ የሚጠብቁት በዙሪያው ቀጥ ብለው የቆሙት አዳዲስ ቅጠሎች ናቸው። በኬንያ ተራራ ላይ ያለችው ዘመዷ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ቅጠሎቿን ወደ ውስጥ አጥፋ እንቡጧን ስትሸፍን፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መልሳ ስትዘረጋ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በቅጠሎቿ መካከል የሚጠራቀመው ውሃ ላዩ በረዶ ሲሠራ ሥሩ ግን ሳይቀዘቅዝ እንቡጡን አቅፎ ያድራል። ለዚህች ተክል ዓይንም ጆሮም የላትም፤ ግን መሽቶ መንጋቱን ታውቃለች።

መልእክተኛው ማን ነው?

ተክል አንጎልና ነርቭ ከሌለው ጫፉ ያየውን ብርሃን ግንዱ እንዴት ይሰማል? ይህን ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ሙስሊም ሊቃውንትም ከቀዳሚዎቹ መካከል ነበሩ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪ «ኪታብ አን-ነባት» በተሰኘው መጽሐፉ እፅዋትን አንድ በአንድ ከነዕድገታቸው መዝግቧል።

እ.ኤ.አ. በ1880 ደግሞ፣ በሌላው ሥራው ብዙ ክርክር ያስነሳው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ሆኖ የእፅዋትን እንቅስቃሴ የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመ። አባትና ልጅ አዲስ የበቀለ ሣር ወስደው ብርሃን በአንድ በኩል ብቻ አበሩበት፤ ሣሩ ወደ ብርሃኑ ጎበጠ። ጫፉን ብርሃን በማያስገባ ቆብ ሲሸፍኑት ግን አልጎበጠም። የሚጎብጠው ከጫፉ ዝቅ ያለው ክፍል ሆኖ ሳለ፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ጫፉ ነበር። ከጫፉ ወደ ታች የሚወርድ አንዳች መልእክት አለ ማለት ነው ብለው ደመደሙ።

መልእክቱን በተጨባጭ ያሳየው ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የሳር አጃ ቡቃያ ጫፍ ቆርጦ ከባሕር አረም በተሠራ ጄሊ ላይ አስቀመጠው። ከዚያም ጫፉን ጥሎ ጄሊውን ብቻ ጫፉ በተቆረጠው ቡቃያ ላይ በአንድ ጎን አደረገው። ቡቃያው ብርሃን ሳያገኝ ጎበጠ! ከጫፉ ወደ ጄሊው የገባው ንጥረ ነገር ኦክሲን ተባለ። ብርሃን በአንድ ወገን ሲመታ ኦክሲን ወደ ጥላው ወገን ይበዛል፤ የጥላው ወገን ከብርሃኑ ወገን ይልቅ ይረዝማል፤ ስለዚህ ተክሉ ወደ ብርሃኑ ያዘነብላል።

ከዚያ በኋላ ሌሎች መልእክተኞችም ታወቁ። በዚሁ በ1926 ጃፓናዊው ኩሮሳዋ የሩዝ ቡቃያን ያለ ልክ የሚያስረዝመው ከአንድ የሻጋታ ዓይነት የሚወጣ ንጥረ ነገር መሆኑን አሳየ፤ ይህም ጂበረሊን ነው። ሳይቶካይኒን ቡቃያን ያበዛል። አብሲሲክ አሲድ ድርቅ ሲመጣ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያዘጋል፤ ዘርንም ጊዜው እስኪደርስ ያስተኛል። ኤትሊን የተባለው ጋዝ ፍሬን ያበስላል። እነዚህ ሁሉ እጅግ በጥቂቱ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይይዛል። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ አል-ሒጅር (15፡19) አላህ (ሱ.ወ.) በምድር ላይ ሁሉን ነገር በሚዛን ተመዝኖ እንዳበቀለ ይነግረናል። ሚዛን የሚለውን ቃል በዚህ መነጽር ስናየው ምንኛ ይደንቃል!

በጓዳችን ያለው ምልክት

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ይህ ትምህርት በላቦራቶሪ ብቻ የሚታይ አይደለም። በየቤታችን አለ።

ድንች በጨለማ ጓዳ ሲከርም ረጅም፣ ነጭና ቀጭን ቡቃያ ያወጣል። ብርሃን ያጣ ቡቃያ ጉልበቱን ሁሉ ለመርዘም ያውለዋል፤ ብርሃን ሲያገኝ ግን መርዘሙን ቀንሶ አረንጓዴ ቅጠል ይዘረጋል። ድንቹ ራሱ ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ ከሆነ ግን መርዛማ ንጥረ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል ለልጆች አይሰጥ።

ጥሬ ሙዝ ከበሰለ ሙዝ ጋር ተሸፍኖ ቢቀመጥ ቶሎ ይበስላል፤ ከበሰለው የሚወጣው ኤትሊን ጥሬውን ይጠራዋልና። ነጋዴዎች ሙዝን በተዘጋ ክፍል በጭስ የሚያበስሉትም ጭሱ ይህን ጋዝ ስለያዘ ነው።

የበሶብላ ጫፍ ሲቀነጠብ በጎንና በጎን ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ከጫፉ የሚወርደው ኦክሲን የጎን እንቡጦችን ይዞ ነበርና ጫፉ ሲሄድ ይለቃቸዋል። የመንዝ ገበሬ የሚተዳደርበት ገብስ ደግሞ ውሃ ነክሮት ሲጎነቁል ሽሉ ጂበረሊን ይልካል፤ በዚያ ትእዛዝ በፍሬው ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ከበቀለ ገብስ ዱቄት የሚሠራ አጥሚት ቀጠን፣ ጣፈጥ የሚለው ስለዚህ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ምልክት ያያሉ። በመንዝ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በስዊድንና በኖርዌይ ረመዳን በበጋቸው ሲውል የጾሙ ሰዓት ምን ያህል እንደሚረዝም በዚያ የጾሙ ያውቁታል። የዚያ አገር እፅዋትም የቀኑን ርዝመት ይቆጥራሉ፤ ቀኑ ሲያጥር ቅዝቃዜው ሳይመጣ በፊት እንቡጣቸውን ዘግተው ይዘጋጃሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ብዙ እፅዋት የሚያብቡበትን ጊዜ የሚወስነው የቀንና የሌሊት ርዝመት መሆኑን በጥናት አስረድተዋል።

ነፋስ ያጎነበሰው ገብስ

ነፋስ የሚበዛበት ቦታ የበቀለ ተክል ከተከለለው ይልቅ አጭርና ጠንካራ ይሆናል። መወዛወዙ ራሱ መልእክት ነው፤ ቁመቱን ይገታል፣ ግንዱን ያጠነክራል። ዝናብና ነፋስ ገብሱን አጋድሞ ሲያጋሽበው ደግሞ ገና ለጋ ከሆነ እንደተኛ አይቀርም። ከአንጓው ላይ በታችኛው ወገን ያለው ክፍል ይረዝምና አገዳውን ቀና ያደርገዋል። ምድር ወዴት እንደምትስብ ለይቶ ወደ ላይ ይነሳል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙእሚንን ነፋስ አንዴ በሚያጎነብሰው አንዴ በሚያቃናው ለጋ አዝመራ መስለውታል፤ ሙናፊቅን ደግሞ ፍንክች ሳይል ቆሞ በአንድ ጊዜ ከሥሩ በሚነቀል ዛፍ። ይህ ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ዘንድ ይገኛል። ዑለማዎች እንዳብራሩት ፈተና ሙእሚንን ያጎነብሰዋል እንጂ አይሰብረውም። ሕመም ያጎነበሰው፣ ችግር ያጎነበሰው፣ ሐዘን ያጎነበሰው ወንድማችን በገብስ ማሳ ዳር ቢቆም ይህን ሐዲስ በዓይኑ ያየዋል። የጋሸበው ገብስ ቀና የሚለው ነፋሱ ስለቀረለት አይደለም፤ ከአንጓው ውስጥ የተቀመጠለት ኃይል ስላለ ነው።

ከልጆቻችን የሚመጣው ጥያቄ

አንድ አሳሳቢ ነገር እዚህ ላይ እናንሳ። ልጆቻችን በመድረሳ ዘርን የሚፈለቅቀው አላህ መሆኑን ይማራሉ (ሱረቱ አል-አንዓም 6፡95)። በማግሥቱ በትምህርት ቤት ዘርን የሚያበቅለው ሆርሞን ነው ይባላሉ። አንዳንዱ ልጅ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያለበት ይመስለዋል። ጥያቄውን ይዞ ቤት ሲመጣም «ዝም በል፣ እንዲህ አይጠየቅም» የሚል ቁጣ ይጠብቀዋል። እኛ በሁለቱም ደጅ ተምረን በሁለቱም የምናስተምር መምህራን ይህ ቁጣ ከጥያቄው ይልቅ ያስፈራናል። ዛሬ ዝም የተባለ ልጅ ነገ መልሱን የሚያገኘው ከማን እንደሆነ አናውቅምና።

መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ቁርኣን አላህ ነፋሶችን እንደሚልክ፣ እነሱም ደመናን እንደሚቀሰቅሱ፣ ከደመናውም ዝናብ እንደሚወጣ ይናገራል (ሱረቱ አር-ሩም 30፡48)። ነፋስም ደመናም ሰበብ ናቸው፤ ላኪው አላህ ነው። ደመናን ያወቀ ሰው አላህን እንዳልካደ ሁሉ ኦክሲንን ያወቀም አልካደም። ሰበቡን ማወቅ የሰበቡን ባለቤት አያስቀርም። ይልቁንም በአንድ ውሃ የሚጠጡ፣ ጎን ለጎን ያሉ ተክሎች ፍሬያቸው መለያየቱ ለሚያስተውሉ ሰዎች ምልክት እንደሆነ ሱረቱ አር-ረዕድ (13፡4) ያስተምራል። ማስተዋል ደግሞ ሳይመረምሩ አይመጣም።

የተምር ዛፎችን የሚያዳቅሉ የመዲና ሰዎች ያንን ትተው ምርቱ በቀነሰ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የዱንያችሁን ጉዳይ እናንተ ይበልጥ ታውቃላችሁ ማለታቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። የግብርና ዕውቀት በመፈተንና በመመልከት የሚገኝ መሆኑን ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳናል?

ቄሮና ሒማ

አሁን ወደ ጓሳ ሣር እንመለስ። ሳያገግም ደጋግሞ የተጋጠ ሣር እንደሚሞት ተናግረናል። የመንዝ ሰዎች ይህን የሆርሞን ስም ሳይሰሙ ያውቁት ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳን ጠብቀዋል። ምድሩ እንደ ሣሩ ሁኔታ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። የሚከፈተውም በበጋው ድርቅ፣ ሣሩ ጎልምሶ ዕድገቱን በገታ ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል፤ ቡቃያው በሰላም ይወጣል። ደንብ የጣሰ ይቀጣ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሆኖም ሕዝቡ በሌላ መልክ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን ቀጠለ፤ በኋላም በአማራ ክልል ዕውቅና አግኝቶ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ።

ሥርዓቱ የተሠራው በክርስቲያን ወገኖቻችን ነው። ለሙስሊሙ አንባቢ ግን እንግዳ ነገር አይደለም። በእስልምና ለጋራ ጥቅም የተከለለ ግጦሽ ሒማ ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከልለዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) አር-ረበዛን በከለሉ ጊዜ ጠባቂውን ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድኻ እንዲያስገባ፣ የባለጸጎቹን መንጋ ግን እንዲከለክል አዘዋል፤ ሀብታሙ መንጋው ቢያልቅበት ሌላ እርሻ አለው፣ ድኻው ግን ሌላ መሄጃ የለውምና። መጠበቅ ማለት መከልከል ብቻ ሳይሆን ፍትሕም መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የተራራው ጫፍ ሲያልቅ

እፅዋት ብዙ ነገር መቻላቸውን አየን። ሁሉን ግን አይችሉም። ምድር እየሞቀች ስትሄድ ብርድ የለመደ ተክል በዘሩ አማካይነት ከትውልድ ትውልድ ወደ ላይ ይሸሻል። የተራራው ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላስ ወዴት ይሄዳል? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ሙቀቱ በተተነበየው መጠን ከጨመረ እ.ኤ.አ. በ2080 ለጅባራ የሚስማማው ቦታ አሁን ካለው ወደ 3 በመቶ ገደማ ሊወርድ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ከታች ደግሞ የገብስ እርሻ ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ማረሻ፤ ጅባራ በመካከል ቀረች ማለት ነው። ደጋው ሲራቆት ምንጩም ይነጥፋልና ጉዳቱ የጅባራ ብቻ አይሆንም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሰውን በምድር ላይ ኸሊፋ ሲያደርገው አደራ ሰጥቶታል። እግር የሌለው ፍጡር መሸሽ ስለማይችል እግር ያለው ሊጠብቀው ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነግረውናል። ቂያማ ሲመጣ እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው ከቻለ ይትከለው ብለዋል።

ስለዚህ በዚህ ወር እያንዳንዱ ቤተሰብ ይህን ያድርግ። ልጆች ባቄላ በሁለት ጣሳ ይዝሩ፤ አንዱን በደጅ፣ ሌላውን በጎኑ አንድ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡ። በየቀኑ ይለኩ፣ ይጻፉ። ቡቃያው ወደ ቀዳዳው ሲያዘነብል «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ አትቆጧቸው። ስለ ኦክሲንም ስለ ፈጣሪውም በአንድ ላይ ንገሯቸው። ግጦሽና ዛፍ ባለበት አካባቢ የምትኖሩም ከጎረቤቶቻችሁ ጋር፣ ሃይማኖት ሳትለዩ፣ ምን መቼ እንደሚቆረጥና መቼ እንደሚያርፍ ተመካከሩ። ሱረቱ አር-ረሕማን (55፡6) እፅዋት ለአላህ እንደሚሰግዱ ይነግረናል። የሚሰግድን ፍጡር ያለ ልክ የሚቆርጥ እጅ እንዳይኖረን አላህ ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።